መጠጥን ለመቀነስ የባልንጀራ ድርሻ



ስለ መጠጥ ጉዳት ከዚህ ቀደም ብዙ ጊዜ ሰምታችኋል። ጉበትን እንደሚያበላሽ፣ ትዳርን እንደሚያፈርስ፣ ኪስን እንደሚያራቁት የማያውቅ ወጣት ከመካከላችን ያለ አይመስለንም። የሚጠጣውም ሰው ቢሆን ያውቀዋል፤ እንዲያውም ከእኛ ይልቅ እርሱ ጠንቅቆ ያውቀዋል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የጉዳቱን ዝርዝር መደርደር አልፈለግንም። የምናነሣው ጥያቄ ሌላ ነው። አንድ ወንድማችን ወይም አንዲት እኅታችን መጠጥ ለመቀነስ ወይም ለማቆም ቆርጦ ቢነሣ፣ በዙሪያው ያለነው ሰዎች ምን እናድርግ? ምን ከማድረግስ እንቆጠብ?

ጥያቄውን ያለ ምክንያት አላነሣነውም። በአገራችን መጠጥ የብቻ ነገር አይደለም። ጠላ የሚጠነሰሰው ለእንግዳ ነው፤ ጠጅ የሚጣለው ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለበዓል ነው። ጋባዡ ብርሌው ጎደል ሲል አይቶ ይሞላል። እንግዳው እጁን በጣሳው አፍ ላይ ቢጋርድ «በሞቴ!» ይባላል፤ «አፈር ስሆን!» ይባላል፤ አንዱን ጨርሶ ሊነሣ ቢል «አንድ ያጣላል» ተብሎ ይቀመጣል። ይህ ሁሉ ከክፋት የመጣ አይደለም፤ ፍቅርና ልግስና ነው። ነገር ግን ለመቀነስ ለቆረጠ ሰው ከዚህ የበለጠ ፈተና የለም። ክፉ ባልንጀራን እምቢ ማለት ይቻላል፤ አክስትን እምቢ ማለት ግን እንዴት ይቻላል?

ወደ እኛ ወደ ተማሪዎቹ ሲመጣም መልኩ ይለወጣል እንጂ ነገሩ ያው ነው። ከትምህርት በኋላ አራት ጓደኛሞች ድራፍት ቤት ይቀመጣሉ። አንዱ ለሁሉም ይጋብዛል። ሁለተኛው ይሉኝታ ይይዘውና በተራው ይጋብዛል፤ ሦስተኛውም አራተኛውም እንዲሁ። እንግዲህ አንድ ጃምቦ ጠጥቶ ሊሄድ ያሰበው ልጅ ማንም ሳያስገድደው አራት ጠጥቶ ይነሣል። በዚህ ዙር ላይ ስግብግብ የለም፤ የተበደለም የለም። ሒሳቡ ብቻ ነው እንዲህ የሚያደርገው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ዐዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው አልኮል እንዳይሸጥ ከልክሏል። ዐዋጁ መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ ጓደኛ ለጓደኛ ሲጋብዝ መታወቂያ የሚጠይቅ የለም።

ስለ ሒሳብ ካነሣን አይቀር አንድ ሌላ ሒሳብ እንጨምር። «እኔ ጠላ እንጂ አረቄ አልጠጣም» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። አንድ ጠርሙስ ቢራ 330 ሚሊ ሊትር ነው እንበል፤ ከመቶ 5 እጁ አልኮል ከሆነ በውስጡ 16 ሚሊ ሊትር ተኩል ንጹሕ አልኮል አለ። ግማሽ ሊትር ጠላ ከመቶ 4 እጁ አልኮል ቢሆን 20 ሚሊ ሊትር ይወጣዋል። 40 ሚሊ ሊትር አረቄ ደግሞ ከመቶ 45 እጁ ቢሆን 18 ሚሊ ሊትር ነው። እንግዲህ ሦስቱ ለጉበት ያን ያህል አይለያዩም ማለት ነው። በዚያ ላይ የቤት ጠላ ወረቀት አልተለጠፈበትም፤ ጉሹና ቅራሪው፣ የዚህች ቤትና የዚያች ቤት ጥምቅ ኃይሉ ይለያያል። ስለዚህ ለመቀነስ የሚፈልግ ሰው የሚቆጥረው የመጠጡን ስም ሳይሆን መጠኑን ነው። ቆጠራው ደግሞ ከሁለተኛው ብርሌ በኋላ ለጠጪው ራሱ አስቸጋሪ ስለሚሆን አብሮት የሚቆጥር፣ ያልጠጣ ሰው ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ ነው የባልንጀራ ድርሻ የሚጀምረው።

አሁን ሁላችንም የምናውቀውን አንድ ነገር እናስተውል። በየሰፈራችን ዓመቱን ሙሉ ከጠጅ ቤት የማይጠፋ፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን 55 ቀን አንድም ሳይቀምስ የሚሰነብት ሰው አለ። ጎረቤት ይገረማል። «ለካ ይችላል! ታዲያ ምነው ዓመቱን ሙሉ አላደረገው?» ይባላል። ከዚያ በፋሲካ ቀን ይጠጣል፤ በማግሥቱም ይጠጣል፤ ሳምንቱ ሳይሞላ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ሰዎችም «ፈቃድ የለውም፣ ልፍስፍስ ነው» ብለው ይፈርዱበታል።

በእኛ አስተያየት ግን ይህ ፍርድ ነገሩን ከሥሩ አላየውም። ሰውየው በጾሙ ወራት የተለየ ብርታት አላገኘም። የተለወጠው ዙሪያው ነው። በእነዚያ 55 ቀናት ሠርግ የለም፤ ድግስ የለም። ጓደኞቹም ይጾማሉ። «ጾም ነው» ካለ ማንም «በሞቴ» አይለውም፤ እምቢታው እንደ ንቀት አይቆጠርበትም። ማታ ማታ የሚሄድበት ጸሎት አለው፤ ሲመለስ ቤተ ሰቡ አብሮት ይበላል። ምክንያትም፣ ባልንጀራም፣ የሚውልበት ቦታም ተሰጥቶት ነበር ማለት ነው። በ56ኛው ቀን ሦስቱም በአንድ ጊዜ ይወሰዱበታል። ከዚያ ብቻውን ቆሞ እንዲጸና እንጠብቃለን። የጾሙን 55 ቀን አገሩ ሁሉ አብሮት ተሸክሞለት፣ የቀረውን ዓመት ለብቻው ተሸከም ማለት ነው።

ይህን ስንል ጾሙ ለዚህ ተብሎ የተሠራ ነው ማለታችን አይደለም፤ የጾም ዓላማ ከዚህ እጅግ ይሰፋል። ነገር ግን ለመቀነስ የሚፈልግ ሰው ምን ምን እንደሚያስፈልገው ከዚህ በተሻለ የሚያሳየን ምሳሌ አላገኘንም።

እዚህ ላይ ሳንጠቅሰው ማለፍ የማንችለው አንድ አደገኛ ነገር አለ፤ እባካችሁ ልብ ብላችሁ አንብቡት። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ፣ በተለይም ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥና አንድ መለኪያ ካልቀመሰ የማይረጋጋ ሰው በአንድ ቀን ድንገት ማቆም የለበትም። ሰውነቱ አልኮሉን ስለለመደ፣ ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ መንቀጥቀጥ፣ ማላብ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ እንቅልፍ ማጣት ይጀምረዋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚጥል በሽታ የመሰለ መንፈራገጥ ሊመጣበት ይችላል። በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ደግሞ አንዳንዱ ሰው የሌለ ነገር ያያል፣ ይቃዣል፣ ያለበትን ቦታ ይስታል፤ ይህ ካልታከመ ሊገድል ይችላል። በዚህ ሰዓት ቤተ ሰብ «መንፈስ ነው» ብሎ ሊደነግጥ፣ ሰውየውንም አስሮ ሊያስቀምጥ ይችላል። ሐኪም ግን ይህን ሕመም ያውቀዋል፤ የሚያረጋጋ መድኃኒትና ቫይታሚን ቢ1 ሰጥቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊያሳልፈው ይችላል። በአዲስ አበባ የአማኑኤል ሆስፒታል እንዲህ ያሉትን ሕሙማን ይቀበላል፤ በሌላ ቦታ ያለ ሰው ደግሞ በአቅራቢያው ካለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይጀምር። ወደ ጠበል የሚሄደውም ይሂድ፤ ነገር ግን ሐኪም አይቶት ይሂድ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም። የጾም ዋዜማ ደርሶ «ከነገ ጀምሮ ጨርሼ ተውኩ» የሚል ጓደኛ ካላችሁ፣ ከማድነቃችሁ በፊት «ጠዋት ጠዋት እጅህ ይንቀጠቀጣል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት።

ለመሆኑ መቀነስ የሚበቃው ለማን ነው? ጨርሶ መተው የሚያስፈልገውስ ለማን ነው? ይህን የሚወስነው ሐኪም ቢሆን ይመረጣል። በጥቅሉ ግን መጠጣት ከጀመረ በኋላ ማቆም ለሚያቅተው፣ የጉበት ሕመም ላለበት፣ ለነፍሰ ጡር ሴት፣ ደጋግሞ ለመቀነስ ሞክሮ ላልሆነለት ሰው ጨርሶ መተው ይሻላል። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የመጠጥ መመዘኛ 10 ጥያቄዎች አሉት። የመጀመሪያዎቹ በምን ያህል ጊዜና ምን ያህል እንደሚጠጣ ይጠይቃሉ። የመጨረሻው ጥያቄ ግን ከሁሉ ይልቅ እኛን አሳስቦናል። ዘመድ ወይም ጓደኛ ወይም ሐኪም ስለ መጠጥህ አሳስቦት፣ ቀንስ ብሎህ ያውቃል ወይ? የሚል ነው። እንግዲህ በሽታውን ከሚለዩት ምልክቶች አንዱ የወዳጅ ጭንቀት ነው። ወዳጅ ዝም ካለ አንዱ ምልክት ጠፋ ማለት ነው።

ባልንጀራ የሚያደርገውን ለማየት ከአገራችን ውጭ የሆነ አንድ ታሪክ እንጥቀስ፤ ሰዎቹ እንደ እኛው ከቤተ ክርስቲያን ጀምረዋልና ይመለከተናል። በ1935 እ.ኤ.አ. ቢል ዊልሰን የሚባል የኒው ዮርክ የአክሲዮን ነጋዴ ለሥራ ወደ አክሮን ከተማ፣ ኦሃዮ ሄደ። በመጠጥ ምክንያት ኑሮው ተበላሽቶ፣ ብዙ ጊዜ ሆስፒታል ተኝቶ፣ ካቆመ ገና ጥቂት ወራት ነበር። የሄደበት ሥራ ሳይሳካ ቀረ። በሆቴሉ መግቢያ ላይ ቆሞ ሳለ በአንድ በኩል የመጠጥ ቤቱ ጨዋታ ይሰማዋል፤ በሌላ በኩል የስልክ ማውጫና የአብያተ ክርስቲያናት ዝርዝር አለ። ወደ ስልኩ ሄደ። የደወለውም እርዱኝ ለማለት ብቻ አልነበረም፤ የሚያነጋግረው ሌላ ሰካራም እንዲፈልጉለት ነበር። ከአንድ ቄስ ወደ ሌላ ሰው እየተላለፈ ዶክተር ቦብ ስሚዝ ከሚባል፣ ራሱም በመጠጥ ከተያዘ የቀዶ ጥገና ሐኪም ጋር ተገናኘ። ሐኪሙ 15 ደቂቃ ብቻ ሊሰጠው አስቦ ነበር፤ ጭውውታቸው ግን ብዙ ሰዓት ፈጀ። ዶክተር ስሚዝ ከአንድ ወር ያህል በኋላ፣ ሰኔ መግቢያ ላይ የመጨረሻውን መጠጥ ጠጣ። አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የሚባለው፣ አባላቱ ስማቸውን ሳይገልጡ የሚገናኙበት የመጠጥ ሱሰኞች ማኅበር በዚያ ተጀመረ፤ ዛሬ በብዙ አገሮች ይገኛል።

በዚህ ታሪክ ደስ የሚለን ሐኪሙ የመጠጥን ጉዳት ያልሰማ ሰው አለመሆኑ ነው። ሐኪም ነው፤ ከማንም ይልቅ ያውቃል። ዕውቀቱ አላዳነውም። የረዳው እንደ እርሱ የተሰበረ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ሳይፈርድበት ስለ ራሱ ሲነግረው ነው። ቢል ዊልሰንም እንዲሁ ሌላውን ሲያነጋግር የራሱን ጥም አሳለፈ። ሁለቱ ተደጋገፉ። የእኛ ሰዎች «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚሉት ይህንኑ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ኮክሬን የሚባለው የሕክምና ጥናት ድርጅት 27 ጥናቶችን፣ በድምሩ 10,565 ሰዎችን የተመለከተ ምርመራ አውጥቶ፣ ሰዎችን ወደ እንዲህ ዓይነቱ ማኅበር የሚያስገባው ሕክምና ጨርሶ ለማቆም በኩል ከሌሎቹ የሕክምና ዘዴዎች እንደሚበልጥ አሳይቷል።

የዚህ ማኅበር አንዱ ምሰሶ ምስጢር ነው። በዚያ የተነገረ በዚያ ይቀራል። ይህን ለእኛ ሰንበት ትምህርት ቤት ስናስበው በጣም ያሳስበናል። አንድ መዘምር «መጠጥ አስቸግሮኛል» ብሎ ለአንዱ ቢናገር፣ በሚቀጥለው እሑድ ስንት ሰው ይሰማዋል? «ጸልዩለት» በሚል ስም የሚዞር ሐሜት አለ። እኅቶቻችን ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ይቸገራሉ፤ ወንድ ሲጠጣ «ልጅነት ነው» ይባላል፤ ሴት ስትጠጣ ስሟ ይጠፋል። ስለዚህ ተደብቃ ትጠጣለች፤ ተደብቃ የምትጠጣን ሰው ደግሞ ማንም ሊረዳት አይችልም።

ኖኅ ከመርከቡ ከወጣ በኋላ ወይን ተክሎ፣ ጠጥቶ፣ በድንኳኑ ውስጥ ራቁቱን እንደ ተኛ ሁላችንም ተምረናል። አንደኛው ልጁ አይቶ ወጥቶ ለወንድሞቹ ነገረ። ሁለቱ ግን ልብስ በጫንቃቸው አድርገው፣ ወደ ኋላ እየሄዱ፣ ፊታቸውን ሳይመልሱ አባታቸውን አለበሱት። ይህን ታሪክ ሴምን ለማመስገንና ካምን ለመውቀስ ብቻ እናነበዋለን። እነዚያ ሁለቱ ግን ያደረጉት ሥራ እንዴት ያለ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነው! የሰውን ገመና ሳያዩ መሸፈን። ይሁን እንጂ አንድ ነገር እንለይ። ገመና መሸፈን ሌላ፣ ስካርን መደበቅ ሌላ ነው። ለጓደኛው የጠጅ ቤት ዱቤ የሚከፍል፣ ክፍል ሲቀር በስሙ የሚፈርምለት፣ ለእናቱ «አጥንቶ አድሮ ነው» ብሎ የሚዋሽለት ሰው እንደ ሴም ያለበሰው ይመስለዋል። በእውነቱ ግን የሚቀጥለውን ጃምቦ ገዝቶለታል።

አሁን ስለ አንድ ወንድማችን እንንገራችሁ። ስሙን አንጽፍም፤ ታሪኩን ግን እንድንጽፍ ራሱ ፈቅዶልናል። ዩኒቨርሲቲ ከገባ በመጀመሪያው ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ መጠጣት ጀመረ፤ በሦስተኛው ዓመት ከሳምንቱ አምስቱን ቀን ይጠጣ ነበር። ከመዝሙር ቀረ፤ ቀጥሎ ከጉባኤ ቀረ። የንስሐ አባቱ ጋ በሄደ ጊዜ እርሳቸው መሐላ አላስማሉትም። የሚያምነውን አንድ ጓደኛ ይዞ እንዲመለስ አዘዙት እንጂ። (መሐላ ለብዙ ወጣት ሁለተኛ ወጥመድ ሲሆን አይተናል፤ መሐላውን ያፈረሰ ዕለት «አንዴ ካፈረስኩት» ብሎ ጨርሶ ይወድቃል።) ሁለቱም ተመለሱ። ሐኪም ዘንድም ሄዱ፤ ሐኪሙ መርምሮ ቀስ በቀስ ሊቀንስ እንደሚችል ነገረው።

ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነገር እጅግ ቀላል ነው፤ እንዲያውም ለመጻፍ የሚያሳፍር ያህል ቀላል ነው። ከሰኞ እስከ ዐርብ ምንም እንዳይጠጣ፣ ቅዳሜ ከሁለት እንዳያልፍ ተስማሙ። ቁጥሩን ቤት ሳለ ጻፉት፤ ወረቀቱን ጓደኛው ያዘ። ጓደኛው ራሱ በዚያ ምሽት አይጠጣም። ሳይበሉ አይወጡም፤ በሁለቱ መካከል ውኃ ይጠጣል። የኪስ ገንዘቡን ለቅዳሜ ከሚበቃው በቀር ጓደኛው ያስቀምጥለታል። የቀሩት ሦስት ጓደኞቻቸው ደግሞ፣ ማንም ስብከት ሳይሰብክላቸው፣ የመገናኛ ቦታቸውን ከድራፍት ቤቱ ወደ አንድ ጭማቂ ቤት አዛወሩት። ከሁሉ የጠቀመው ይህ መሆኑን ወንድማችን ይናገራል። መጠጡን መተው ሳይሆን ጨዋታውን ማጣት ነበር የሚያስፈራው፤ ጨዋታው ተከትሎት መጣ። ዐርብ ማታ 11 ሰዓት ሲሆን፣ ጥሙ የሚነሣበት ሰዓት ስለ ሆነ፣ ጓደኛው ይደውልለታል። ስለ መጠጥ አያነሣም። ስለ ኳስ ያወራሉ።

ፈተና ያለቀ ዕለት ወደቀ። ሌሊቱን ሙሉ ጠጣ። በማግሥቱ ሁለት ጓደኞቹ ፍርፍርና ሻይ ይዘው መኝታ ክፍሉ ሄዱ። «ለምን?» ብለው አልጠየቁትም፤ ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ሰው የለም። የጠየቁት «ከየት ጀመረ? ከማን ጋር ነበርክ? በልተህ ነበር?» ብለው ነው። ምሳ ሳይበላ ውሎ፣ ሁሉም ወደየቤቱ ሲሄድ ብቻውን ቀርቶ ኖሯል። እንግዲህ ቀጣዩ የፈተና ማብቂያ ቀን ማን አብሮት እንደሚውል ያን ጊዜውኑ ተነጋገሩ። አሁን ጨርሶ ትቷል ብለን አንጽፍም። ከሳምንቱ አምስት ቀን የነበረው ወደ ቅዳሜ ምሽት ሁለት ብርጭቆ ወርዷል፤ አንዳንዱን ቅዳሜም ይዘልለዋል። ወደ መዝሙርም ተመልሷል።

ከዚህ ተነሥተን ማኅበርና ጽዋ የሚያዘጋጁ ወላጆቻችንን አንድ ነገር እንለምናለን። ጠላውን አትጥመቁ አንልም፤ ከመካከላችን በእናቱ የጠላ ገንዳ ያደገ፣ በእርሱም ገንዘብ ደብተር የተገዛለት አለ፤ እንዲህ ያለችውን እናት የሚያሳፍር ቃል ከብዕራችን እንዲወጣ አንፈልግም። የምንለምነው ከጠላው ጎን ብርዝ ወይም ካሪቦ ወይም ቄኔቶ እንዲቀመጥ ነው፤ ያውም በአንድ ዓይነት ብርሌና በአንድ ዓይነት ብርጭቆ፣ ማን ምን እንደያዘ እንዳይለይ። እንግዳው እጁን በብርሌው አፍ ላይ ከጋረደ በመጀመሪያው ይተው። የጢሞቴዎስን ሆድ እየጠቀሰ «ጥቂት ይጠቅማል» የሚል አዛውንት በየማኅበሩ አይጠፋም፤ ሐዋርያው የመከረው ግን አንድን የታመመ ሰው ነው፣ ጥቂት ብሎም ነው።

የፋሲካን ቀን በሚመለከት የእኛ ክፍል እንዲህ ተስማምቷል። ከሌሊቱ ቅዳሴ በኋላ የሚገድፈው ሁሉም በየቤቱ ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ግን ከመካከላችን የአንዱ እናት ቤታቸውን ሰጥተውናል፤ ዶሮ ወጥ እያንዳንዱ ከቤቱ ይዞ ይመጣል፤ ብርዙን እርሳቸው ያዘጋጃሉ። በማግሥቱም፣ በሚቀጥለውም ቅዳሜ እንዲሁ እንሰበሰባለን። ማን ማንን ከቤቱ ጠርቶ እንደሚያመጣ ተከፋፍለናል፤ የሚጠራውም የሚጠራበትን ምክንያት ለሌላው አይነግርም።